ጋሽ ሻንቆ ያስረከቡኝ ሰላምታ

ስልኬ ድምፄን መውሰድ አቆመች። የደወለልኝን ሰው አጥርቼ እሰማለሁ፤ እሱ ግን እኔን አይሰማም። እህቴ ከመንደራችን ከላንቴ ደውላ «ማርታ! ማርታ!» ትላለች፤ እኔ «አቤት፣ አቤት» እላለሁ፤ እሷ «ኧረ አንቺ ልጅ!» ትልና ትዘጋለች። በማግስቱ ወደ ገበያ በመጣች ጎረቤቷ በኩል አስጠየቀችኝ፤ «ምን በድያት ነው እንዲህ ያኮረፈችኝ? ሙዙን አዘግይቼ ስለላክሁባት ነው?» ብላ። ሳቄ መጣ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ተሳፍሬ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ ወረድኩ።

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ማንጎ ሻጮች ከሚደረደሩበት ጥግ ላይ አንድ ስልክ ጠጋኝ አለ። ሱቁ ከቁም ሣጥን ብዙም አይሰፋም። ጠጋኙ ስልኬን ገልበጥ ገልበጥ አደረጋትና «ማይኳ ነው እህቴ፤ ቁጭ በይ፣ አሁን ትደርሳለች» አለኝ። ሆዷን ከፈተና ጫፉ የጋለውን ማቅለጫ ከሊዱ ጋር አነካካው። ቀጭን ነጭ ጭስ ተነሣ። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ጠጋኙም፣ ሱቁም፣ የመናኸሪያው ጩኸትም ጠፉብኝ። የቀለጠ ሊድ፣ የሞቀ አቧራ፣ ትንሽ ስፒርት። አንዳንዱ ሰው ዝናብ የመታው አፈር ሲሸተው ልጅነቱ ይመጣበታል። እኔን የሚወስደኝ ይህ ሽታ ነው፤ የሚወስደኝም ከደረጃ ሥር ወደነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው።

ስለ ድሮ ለማውራት ዕድሜዬ ገና እንደሆነ አውቃለሁ። ፀጉሬ አልሸበተም። ግን ዘመን የሚያልፈው ሰው ሲያረጅ ብቻ አይመስለኝም፤ አንድ ዕቃ ከቤት ሲወጣም ያልፋል። ያኔ ሞባይል ወደ ከተማችን ገብቶ ነበር፤ ካርዱ ግን ይወደድ ስለነበር ሰው ሁሉ አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል እንጂ አያወራበትም። ከሲቀላ ሴቻ ባጃጅ ሁለት ብር ነበር፤ እኔ እሷንም ለማትረፍ ዳገቱን በእግሬ እወጣዋለሁ። በሁለት ብር ሙዝ ተበልቶ ተጠግቦ ይተርፍ ነበራ! የምለብሰው ከላንቴ ይዤው የመጣሁትን ሰማያዊ የተማሪ ሹራብና ቁርጭምጭሚቴን የሚሸፍን ጉርድ ነው፤ ጫማዬ ኮንጎ። በዚያ ሙቀት ሹራብ የምለብሰው በርዶኝ አልነበረም፤ ውስጡ ለመደበቅ ነበር። ዳገቱ ሲያልቅ ሁለት ካሴት ቤቶች ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል፤ አንዱ መዝሙር ይከፍታል፣ ሌላው ዘፈን። ጠዋት መዝሙሩ ያሸንፋል፣ ወደ ማታ ዘፈኑ። እኔ መሐል መሐሉን እያዳመጥኩ አልፋለሁ። ዛሬ መዝሙር ቤቱ ባንክ ሆኗል፤ ዘፈን ቤቱ ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጥበታል።

መሥሪያ ቤቱ ከገበሬ ሙዝና ማንጎ እየተረከበ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ነበር። ስሙን ብጠራው ዛሬ የሚያውቀው የለም። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ ከላይኛው መስኮት ሲያዩ አባያ ታች ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። እኔ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ አባቴ አረፈ፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት የሚባል ነገር በቤታችን አልተነሣም። ሥራውን አልጠላሁትም። የምጠላው ሰው ሲያናግረኝ ነው። አንድ ሰው በኮሪደሩ ሲመጣ ካየሁ መጥረጊያዬን ይዤ ከበር ጀርባ እቆማለሁ። ጸሐፊዋ እትዬ ዘነበች በዚህ ስትስቅብኝ ውላ ታድራለች። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ላንቴ ረስተሽው ነው የመጣሽው? በሙዝ መኪና ይላክልሽ እንዴ?» ትለኛለች። መልሱ ሁልጊዜ ማታ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነበር የሚመጣልኝ።

ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል የስልክ ማዞሪያው ናት። ማዞሪያው ግራጫ ቀለም የተቀባ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ የብረት ሣጥን ነው። በሩ ሲከፈት ውስጡ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ብረቶች አሉ፤ ሰው ከቢሮ ቢሮ ሲደዋወል ብረቶቹ ቀጭ ቀጭ እያሉ ይነካካሉ። ከጀርባው እንደ ጥልፍ ክር ባለ ብዙ ቀለም ሽቦዎች ወደየቢሮው፣ ወደ መጋዘኑና ወደ ጥበቃው ቤት ይሄዳሉ። እዚያ ቤት ያሉት ስልኮች ሁሉ እዚህ ሣጥን ውስጥ ይገናኛሉ። ሣጥኑን የሚጠብቁት ጋሽ ሻንቆ ናቸው። የካምባ ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ሁልጊዜ ካኪ ሱሪና በደረት ኪሱ ላይ መፍቻ የተሰካበት ኮት የሚለብሱ። አቧራውን በፂም ብሩሽ ያራግፋሉ፣ ብረቶቹን በስፒርት ይጠርጋሉ፣ የላላውን በሊድ ያያይዛሉ። ትልቁ ጠላታቸው ጉንዳን ነበር። «ጉንዳን ሙቀት ይወዳል» ይሉኛል፤ «ወሬም ይወዳል መሰለኝ፣ ስልክ ከሚበዛበት ብረት ላይ አይጠፋም።»

እኔ ወደዚያች ክፍል የገባሁት ወለሉን ለመጥረግ ነው። አንድ ቀን ሁለት ሽቦ ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን እያስጠጉ ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ላይ ነጭ ደመና እየወረደ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ምን ቀለም ነው?»

«ሰማያዊ።»

«ይሄስ?»

«አረንጓዴ።»

«እኔ ዘንድሮ ሁለቱ አንድ ሆነውብኛል» አሉና ሽቦዎቹን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀለም ጠሪ ሆንኩ። ቀጥሎ ብሩሹን ሰጡኝ፣ ቀጥሎ መፍቻውን፣ ቀጥሎ ማቅለጫውን። ጣቶቼ ቀጫጭን ስለሆኑ የእሳቸው እጅ የማይገባበት ይገቡ ነበር። ከጋሽ ሻንቆ ጋር መሆን ያልከበደኝ ብዙ ስለማያናግሩኝ ነው። አንድ ነገር ያሳዩኛል፣ ከዚያ «እስቲ» ይላሉ፣ ከዚያ ዝም። በዚያች ክፍል ሹራቤን አውልቄ ምስማር ላይ መስቀል ጀመርኩ።

ባለቤታቸው እማማ ባሎቴ እዚያው አገራቸው ካምባ ይኖሩ ነበር። አንድ ወቅት እግራቸው ከድቷቸው መራመድ አቆሙ። ልጆቹ በየቦታው ተበትነዋል፤ ውኃ የሚያቀብላቸው ጎረቤት ነው። ጋሽ ሻንቆ ጡረታቸው ደርሶ ስለነበር ልሂድ ብለው ሥራ አስኪያጁ ጋ ገቡ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ታረቀኝ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ማዞሪያውን የሚያውቅ ሌላ ሰው በከተማው አልነበረም። «ተረካቢ ሳይኖር እንዴት ልልቀቅህ፣ ሻንቆ? ርክክብ ሳይፈረም ክሊራንስ የለም፤ ክሊራንስ ሳይኖር ጡረታህ አይንቀሳቀስም» አሏቸው። ጋሽ ሻንቆም «ተረካቢ አለኝ» ብለው ስሜን ጠሩ። አቶ ታረቀኝ በሩ ላይ ቆሜ ሳያዩኝ አልቀሩም። «ይቺ? ስትናገር ሰምቻት አላውቅም እኮ!» አሉ። በመጨረሻ በዚህ ተስማሙ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራውን እኔ ብቻዬን እይዛለሁ፤ ከቻልኩ ጋሽ ሻንቆ ይሄዳሉ፤ ካልቻልኩ ሌላ ሰው እስኪገኝ ይቆያሉ፤ ያ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። ጋሽ ሻንቆ ሊሄዱ ነው ሲባል ማዞሪያው ሊነሣ ነው የሚል ወሬ እንዳይነዛ ነገሩ በሦስታችን መካከል ይቅር ተባለ።

የጋሽ ሻንቆን አሠራር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ጠዋት ሠራተኛው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ማዞሪያው ፊት ይቀመጡና ወደየቢሮው በተራ ይደውላሉ። መስመሩን ለመሞከር ነው፤ ግን አንድም ቀን «ሙከራ ነው» ብለው አያውቁም። ሰላምታ ነው የሚሰጡት። የእኛ አገር ሰላምታ ደግሞ አጭር አይደለም። የጥበቃው ቤት ስልክ ሲነሣ እንዲህ ይላሉ፦

«ሳሮ፣ ዳና። እንዴት አደርክ?»

ሳሮ በጋሞኛ ሰላም ማለት ነው። አባባ ዳና ከበሩ ሆነው «ሳሮ፣ ሳሮ» ሲሉ እዚህ ድረስ ይሰማል።

«ባለቤትህስ እንዴት አደረች? ልጆቹስ? ከብቱስ? ያቺ ጥቁሯ ላም ሳሉ ለቀቃት? እንሰቱስ? ዝናቡ አልጎዳውም?»

ይህ ሁሉ ሲባል እሳቸው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀፎውን ያዳምጣሉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው «ደረቅ ነው» ይላሉ፤ መስመሩ ጤነኛ ነው ማለታቸው ነው። አንዳንዴ «እርጥብ ነው» ይላሉ፤ ያን ጊዜ መፍቻቸውን ይዘው ይነሣሉ፣ የሆነ ቦታ ውኃ ገብቷል ወይ ጉንዳን ሰፍሯል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቢሮ፤ እንደገና ከአዳሩ ጀምረው እስከ እንሰቱ። እኔ ሰላምታው የሽማግሌ ጨዋነት፣ ማዳመጡ ደግሞ ሥራው ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ተራው የእኔ ሲሆን ሥራውን ያዝኩና ሰላምታውን ተውኩት። ጋሽ ሻንቆ «አጠገብሽ ከሆንኩ እኔን ታያለሽ» ብለው ከቤቱ ጀርባ ወዳለችው የማንጎ ጥላ ይሄዱና ጀርባቸውን ለቢሮው ሰጥተው ወደ ሐይቁ እያዩ ይቀመጣሉ። እኔ እደውላለሁ። እዚያ ማዶ ስልኩ ይነሣል፤ «ሳሮ ጋሽ ሻንቆ!» ይላል ሰው። እኔ እስትንፋሴን ይዤ አዳምጣለሁ። ጩኸት የለም፣ መንኮሻኮሽ የለም። እዘጋለሁ። ሁሉንም ቢሮ እንዲህ አዳርሼ ስጨርስ ጋሽ ሻንቆ ይመጡና «እንዴት ነው?» ይሉኛል። «ሁሉም ደረቅ ነው» እላቸዋለሁ። በዚህ ፍጥነት ሥራው ማለቁ ሳይገርማቸው አልቀረም፤ ግን አመኑኝ። እኔም ቻልኩት ብዬ ነበር። ሌሊት እማማ ባሎቴ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጋሽ ሻንቆ ከመኪና ሲወርዱ ሲያዩ በሕልሜ አይቻለሁ፤ ሴትየዋን ግን ያኔ አላውቃቸውም ነበር።

በዚያው ሳምንት ኮሪደሩን ስጠርግ የእትዬ ዘነበች ቢሮ በር ገርበብ ብሎ ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊና አባባ ዳናም እዚያ ቆመዋል።

«ዛሬም ደውለው ዘጉብኝ» ትላለች እትዬ ዘነበች። «ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ሳሮ ስላቸው ዝም፣ ከዚያ ድርግም!»

«እኔንም» አለ የመጋዘኑ ኃላፊ። «አሁን ደግሞ ማንጎው ሥር ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠዋል። ምን አድርገናቸው ነው?»

አባባ ዳና ከዘራቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉ። «ምን አደረግን አትበሉ። ምን ሳናደርግ ቀረን በሉ። ባሎቴ ከተኛች ስንት ጊዜዋ ነው? ማናችን ካምባ ሄደን ጠየቅናት? መሄዱስ ይቅር፤ ሻንቆ በየጠዋቱ የኔን ላም ሳል ሳይቀር ሲጠይቅ፣ ማናችን ነን 'ያንተዋስ እንዴት አደረች' ያልነው?»

እትዬ ዘነበች የጽሕፈት መኪናዋን ክዳን መለሰችው። «ውይ!» አለች ቀስ ብላ፤ «እኔ ራሴ ባሌ ሲታመም ሆስፒታል ድረስ መጥተው ጠይቀውናል።»

«ሰላምታ የነሣ ሰው ልቡ ውስጥ ነገር አለ» አሉ አባባ ዳና። «እንዲህ ተቀምጠን አንቀርም። ሽማግሌ ሆነን እንገባለን።»

መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የሚያወሩት ስለ እኔ ትንፋሽ ነበር። ገብቼ ልነግራቸው አንድ እግሬን አነሣሁ፤ እትዬ ዘነበች «ማነው እዚያ?» ስትል እግሬ ወደ ኋላ ሄደ። ደግሞም ብናገር አቶ ታረቀኝ ይሰማሉ፤ «ደውላ መናገር የማትችል ልጅ ማዞሪያ ልትረከብ ነው?» ይላሉ፤ ጋሽ ሻንቆም ይቀራሉ። ዝም ብልም ያው ነገሩ ይወጣል። ያን ቀን ወለሉን ሁለት ጊዜ ጠረግሁት።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። አባባ ዳና ከፊት፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ከኋላ፣ አንድ አረጋዊ ሾፌርም አብረው፤ እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አጣፍታ ዳር ቆማለች። አባባ ዳና በሁለት እጃቸው ከቦዩ ዳር የታጨደ እርጥብ ሣር ይዘዋል። ውኃው ገና ይንጠባጠባል፤ እኔ አሁን የወለወልኩት ወለል ላይ። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሣር የተያዘበት ሰው ዝም ማለት አይችልም፤ ቃል እስኪሰጥ ድረስ ሽማግሌዎቹ አይነሡም። የማዞሪያዋ ክፍል ስለምትጠብ ሦስቱም ኮሪደሩ ላይ፣ በሩ ፊት ተንበረከኩ። ያን ሰዓት አቶ ታረቀኝ ከፎቅ እየወረዱ ነበር፤ ደረጃው ላይ ቆመው ቀሩ።

«ሻንቆ፣ ወንድማችን» አሉ አባባ ዳና። «በድለንሃል። አንተ ቤታችንን ስትጠይቅ ኖረህ እኛ ቤትህን አልጠየቅንም። ሰላምታህን ብትነሣን እውነት አለህ። ይቅር በለን።»

ጋሽ ሻንቆ በእጃቸው ስፒርት የነካ ጨርቅ ይዘው ነበር። ምን እየተባሉ እንደሆነ አልገባቸውም። አንዴ ሣሩን ያያሉ፣ አንዴ እኔን። ከዚያ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ጨርቁን ማጠፍ ጀመሩ፤ አጥፈው፣ አጥፈው፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል እስክትሆን።

«እኔ እኮ» አሉ ድምፃቸው ሻክሮ፤ «እኔ እኮ አልተቀየምኩም ነበር። ለራሴ እንደዚያ ነው ያልኩት። ግን ጠዋት ጠዋት የመጨረሻውን ቢሮ ስጨርስ ቀፎውን ወዲያው አልዘጋም ነበር። አንድ ሰው ይጠይቀኛል ብዬ ትንሽ እቆይ ነበር።»

እትዬ ዘነበች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ጥሩ አደረጋችሁ። መጣችሁልኝ» አሉ ጋሽ ሻንቆ። «ግን ውሸት ላይ ቆሜ ሣር አልቀበልም። ሰሞኑን የሚደውለው ሰው እኔ አይደለሁም።»

ሁሉም ዞረው ወደ ጥግ አዩ። እኔ ማዞሪያውና ግድግዳው መካከል ነበርኩ።

«ይቺ?» አለች እትዬ ዘነበች። «ኧረ ይቺ ምላስ የላትም!»

አባባ ዳና አልሳቁም። ነገሩ ለእሳቸው ቀላል ነበር። ሰላምታ የነሣቸው ሰው እኔ ከሆንኩ ሣሩ የሚያዘው ለእኔ ነው። እንደተንበረከኩ፣ በጉልበታቸው እየተንሸራተቱ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ሣሩን ወደ እኔ ዘረጉ። አያቴን የሚያህሉ ሰው! ጉልበታቸው የሚያማቸው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጠዋት በር ሲከፍቱ ሲያቃስቱ እሰማቸዋለሁ። ከሣሩ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ጋሽ ሻንቆ ሊናገሩልኝ ይችሉ ነበር፤ አልተናገሩም። አቶ ታረቀኝ ደረጃው ላይ ናቸው። ሁሉም ይጠብቃል። አባባ ዳና አንገታቸውን እንደደፉ «ልጄ፣ ምን በደልንሽ?» አሉኝ።

«ኧረ ይነሡ፣ አባባ!» አልኩ። ጮኼ ነበር፤ ድምፄ ኮሪደሩን ዞሮ መልሶ ለራሴ መጣ። «ምንም አልበደሉኝም። አፍሬ ነው። ስልኩን ታነሣላችሁ፣ እኔ ደግሞ ምን እንደምላችሁ አላውቅም። በእግዚአብሔር ይነሡ፣ ጉልበትዎን ያመዎታል። ሳሮ ነው። ሳሮ ይሁን!» ሣሩን ከእጃቸው ተቀበልኩና በሌላ እጄ ክንዳቸውን ይዤ አነሣኋቸው።

ከዚያ እትዬ ዘነበች «ወይ ጉድ! ምላሷ በየትኛው መኪና መጣ?» አለች፤ ኮሪደሩ በሳቅ ሞላ፤ አባባ ዳና እንኳ ጉልበታቸውን እያሹ ሳቁ። አቶ ታረቀኝ ወደ ላይ ተመለሱ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ግን «ነገ ወደ እኔም ደውይ» አሉ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጋሽ ሻንቆ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አልተቆጡኝም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያልነገርኩሽ» አሉ። «መስመር ሰው ዝም ሲል ጤነኛ ይመስላል። ሕመሙ የሚሰማው ሲወራበት ነው። ለዚህ ነው የማስወራቸው። ከብቱንም እንሰቱንም የምጠይቀው ለዚህ ነው።» ማዞሪያውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉና «ለዚህ ብቻ ደግሞ አይደለም» አሉ።

በማግስቱ ወደ ማንጎው አልሄዱም፤ በሩ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔ ደወልኩ። ለአባባ ዳና ስደውል ቀፎው በላቤ ይንሸራተት ነበር። «ሳሮ፣ አባባ። እንዴት አደሩ? እማማስ? ልጆቹስ? ከብቱስ? እንሰቱስ?» ቃሉን ብቻ ነው ያልኩት፣ እንደ ተማሪ ሽምደዳ። እሳቸው ግን ለሁሉም መለሱልኝ፤ ስለ ጥቁሯ ላም ረጅም ነገር ነገሩኝ፤ እኔም ሳላስበው «ቅጠል ጨምቀው አጠጧት?» አልኳቸው። ተራው መጋዘኑ ጋ ሲደርስ የኃላፊው ድምፅ እርጥብ እንጨት እሳት ላይ ሲንጣጣ ይመስል ነበር። ሰሞኑን ሁሉ ደረቅ ነው ያልኩት መስመር ነው። መፍቻዬን ይዤ ሄድኩ፤ የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ያለችውን የሽቦ መገናኛ ሣጥን ስከፍት ጉንዳን ቤቱን ሠርቷል። አጽድቼ፣ አያይዤ፣ ተመልሼ ደወልኩ። «ልጆቹስ?» አልኩት እንደገና። «አሁን ነገርኩሽ እኮ!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ጥርት ብሎ መጣ። ጋሽ ሻንቆ ከበርጩማቸው ሆነው «ደረቅ ነው» አሉ፤ ቀፎውን ሳይዙ።

ርክክቡ በወሩ መጨረሻ ተፈረመ። ጋሽ ሻንቆን ብቻቸውን አልሰደድናቸውም። አንድ ቅዳሜ በጭነት መኪናው ላይ ተሳፈርን፤ ሳሙና፣ ስኳር፣ ከላንቴ የመጣ ሙዝ ይዘን፤ እትዬ ዘነበች መንገዱን በሙሉ እያስመለሳት። እማማ ባሎቴ በር ላይ ቆዳ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል፤ በሕልሜ እንዳየኋቸው ግን አልነበሩም፤ ቀጭንና ተጫዋች ነበሩ። ሁላችንንም በየተራ ሳሙን። ስንጠይቃቸው ውለን ልንነሣ ስንል «እስካሁን የናንተን ቤት ሰላም ሲጠይቅ ኖረ፤ እንግዲህ ለብቻዬ ይጠይቀኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማዞሪያው እኔ ጋ ብዙ ኖረ። ከዚያ ሞባይል ረከሰ፣ ካርዱም ረከሰ፤ ሰው ከቢሮ ቢሮ በኪሱ ስልክ መደዋወል ጀመረ። አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ሣጥኑን ከግድግዳው ነቀሉት። እኔ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ፤ ከደረጃው ሥር የፎቶኮፒ ወረቀት ይቀመጥበታል። አባባ ዳና አርፈዋል። እትዬ ዘነበች ጡረታ ወጥታ ሲቀላ የልጅ ልጅ ታሳድጋለች፤ መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ምላስሽ ደህና ነው?» ትለኛለች። ለጋሽ ሻንቆ ግን እሑድ እሑድ መደወሌን አላቆምኩም፤ ከአዳሩ እስከ እንሰቱ። እማማ ባሎቴ ባለፈው ክረምት ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ላይ እሳቸው ያሉበት ቦታ ሲደርስ ምን እንደምል ስለማላውቅ፣ ከአዳሩ ቀጥታ ወደ ልጆቹ እዘላለሁ።

«ደርሳለች፣ እህቴ» አለኝ ጠጋኙ። ስልኬን ሰጠኝ፤ ገና ትሞቃለች። «ለአንድ ሰው ደውለሽ ሞክሪያት።»

ለማን እንደምደውል አላሰብኩም። ካምባ ጠራ።

«ሃሎ?»

«ሳሮ፣ ጋሽ ሻንቆ። እንዴት ዋሉ?»

«ሳሮ፣ ልጄ። ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ስልክ እየሞከርኩ ነው።»

«አሃ! እንግዲያው በደንብ ሞክሪ።»

«ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ታናሹ ሊመጣ ነው አሉኝ። «ከብቱስ?» ላሟ ወልዳለች። «እንሰቱስ?» ዝናቡ ጥሩ ነው፣ እንሰቱ ከጣራው በልጧል። ጠጋኙ ሌላ ደንበኛ መጥቶበት «እህቴ፣ 'ይሰማል?' ካልሽ ይበቃል እኮ!» ይለኛል። በእጄ ቆይ አልኩት።

«በሉ እንግዲህ፣ ጋሽ፣ ደህና ይዋሉ» አልኩ።

አልዘጉም። እንደ ድሮው ቀፎውን ይዘው የቆዩ መሰለኝ። በስተጀርባ ዝናብ ሣር ክዳን ላይ ሲወርድ ይሰማል።

«አንዱን ዘለልሽ» አሉ።

የመናኸሪያው መኪና ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚያምባርቅ መሰለኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ ስልኬን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«እማማ ባሎቴስ፣ ጋሽ? እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት» አሉ። «ሣሩ ከላይዋ በቅሎላታል።»